የሞላ ሜክሲኮ፣ አንድ ሰው የቀረው

ውሸታም አይደለሁም፤ ይሄ ይታወቅልኝ። ማኔጀሯ "ከየት ነህ?" ስትለኝ "ከሜክሲኮ" ያልኳት እውነቴን ነው። ተወልጄ ያደግኩት ሜክሲኮ ነው፤ ከአደባባዩ ጀርባ፣ ዝናብ ሲጥል ጎርፉ ሳያንኳኳ የሚገባበት ግቢ ውስጥ። ስምንተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ተምሬያለሁ። ሌላው ሰው አንዴ ነው የሚማረው። ከዚያ ደብተሩን ጥዬ ወያላ ሆንኩ፣ ከጀሞ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ ጀሞ። በዚያ መስመር እንደኔ የሚጣራ አልነበረም። ጉራ ነው የሚል ካለ ሹፌሬን ይጠይቅ። እኔ "ሜክሲኮ" ብዬ ስጮህ፣ ሌላ ሰፈር ሊሄድ የቆመ ሰው ሀሳቡን ቀይሮ ይሳፈር ነበር።

እናቴ ዲቪ ደረሳትና በሷ ስር ገብቼ አትላንታ መጣሁ። አደባባዩን ለባቡሩ የሚቆፍሩበት ጊዜ ነበር። መጀመሪያ መኪና አጠብኩ፣ ከዚያ ደንዉዲ የሚባል ሰፈር ያለ አንድ የሜክሲኮ ምግብ ቤት ሳህን አንሺ ልሆን አፕላይ አደረግኩ። የሜክሲኮ ይባል እንጂ ባለቤቱ ነጭ፣ ማኔጀሯ ነጭ፣ ኩሽና ያሉት ደግሞ ከሆንዱራስና ከጓቲማላ ናቸው። ሜክሲኮ የሚባል ነገር ያለው ግድግዳው ላይ ነው፣ በቀለም። ማኔጀሯ ከየት ነህ ስትለኝ ለቀልድ ብዬ "ሜክሲኮ" አልኳት። ሳቀች። ገባት ብዬ እኔም ሳቅኩ። ለካ የሳቀችው ደስ ብሏት ነው። ወረቀቴን የሚያየው ሌላ ቢሮ ያለ ሰው ነው፤ እሷ የምታየው ፊት ነው፣ ፊቴ ደግሞ ጠይም ነው፣ አለቀ።

ቤቱ ሦስት ማሪያቺዎች ነበሩት። ማሪያቺ ማለት ያ ትልቅ ባርኔጣ የሚያደርጉት፣ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ እየዞሩ የሚጫወቱት ናቸው። አንዱ ሽማግሌ ነው፣ ሆዱ የተነፋ ትልቅ ጊታር ይዞ ይዘፍናል። ሁለተኛዋ ልጁ ናት፣ ቫዮሊን። ሦስተኛው ትንሹን ጊታር የሚመታ ቀጭን ሰው ነበር፣ እሱ አንድ ሐሙስ ቴክሳስ ዘመዴ ጋ ሄጄ መጣሁ ብሎ ቀረ። ማኔጀሯ ሽማግሌውን ጠርታ "ሁለት ሰው ባንድ አይባልም፣ እስከ ነገ ሦስተኛ ካላመጣህ ከስፒከር አጫውታለሁ" አለችው። እኔ በዚያ በኩል የቆሸሸ ሳህን ተሸክሜ እያለፍኩ ነበር።

"አንተ ከሜክሲኮ ነህ አይደል?" አለችኝ።

"አዎ።"

"ጊታር ትችላለህ?"

እዚህ ጋ ነው እንግዲህ። በሕይወቴ "አልችልም" ብዬ አላውቅም። እናቴ ይሄን ስታስረዳ "ሲወለድ ያቺን ቃል ረስተውበት ነው" ትላለች። "ኧረ በደንብ" አልኳት። ትሪው እጄ ላይ እንዳለ።

ሽማግሌው ወደ ዕቃ ክፍሉ ወሰደኝ፣ የባቄላ ቆርቆሮ የሚደረደርበት። ጊታሩን ሰጠኝ። እንደ ማሲንቆ ነው የያዝኩት። አንዴ ነካሁት። ሽማግሌው ዓይኑን ጨፈነ። አንቱ ልለው ፈልጌ ነበር፣ በእንግሊዝኛ አንቱ የለም፣ እሱ ደግሞ እንግሊዝኛም ብዙ የለውም። ልጁ ናት የምታስተረጉመው።

"አባቴ ከየትኛው ሜክሲኮ ነህ ይላል።"

"ከአዲስ አበባው" አልኩ። ሌላ ምን ልበል። ነገሩን አስረዳኋት፣ አደባባዩን፣ ታክሲውን። ነገረችው።  ሽማግሌው ወጣና የሳህን ማጠቢያ ስፖንጅ ይዞ ተመለሰ፤ ያንን ቢጫውን። በቢላ ቆረጠና ከጊታሩ ገመዶች ስር ወሸቀው። መታሁት። ድምፅ የለም። ትራስ እንደመምታት ነው።

"እጅህን አወዛውዝ፣ ፈገግ በል፣ አፍህን ዝጋ" አለች ልጅቷ። ቀጥላ ደግሞ፣ ከራሷ፣ "አባቴ እዚህ አሥራ አንድ ዓመት ተጫውቷል። አሁን እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ሌላ ቦታ ማንም አይወስደው። ሁለት ሳምንት ብቻ ያዝልን። ሦስተኛ ሰው እንፈልጋለን።"

ሁለት ሳምንት ምን አላት አልኩ። ለኔ።

ልብሱን ልንገራችሁ። ጃኬቱ አጭር ነው፣ ወገብ ላይ ሳይደርስ የደከመው። ሱሪው ጥቁር፣ በሁለቱም ጎን ከወገብ እስከ ቁርጭምጭሚት የብር ቁልፍ የተደረደረበት፣ ስትራመድ እንደ በቅሎ ትንሿሿለህ። አንገት ላይ ትልቅ የሐር ቢራቢሮ ይታሰራል። ያማረ ልብስ ነው፣ እኔ ላይ ደግሞ የበለጠ፣ ይሄን የምለው መስታወት ስላለ ነው። ችግሩ የዚያ የቴክሳሱ ሰው ወገብ የመርፌ ነው። የመጀመሪያው ቀን ከኋላ ያለው ዚፕ ተበጠሰ። ልጅቷ መርፌና ጥቁር ክር አወጣች፣ ዙር አለችኝ፣ ከኋላ በኩል ወገቤን ሰፋችው። ሺፍቱ ሲያልቅ በመቀስ ትቆርጠዋለች። በየቀኑ እንደዚህ። አራት ሰዓት፣ አምስት ሰዓት ሙሉ፣ ተሰፍቼ ነው የምቆመው። መቀመጥ የለም። ሽንት ቤት የለም። ውኃ መጠጣት ተውኩ። ኩሽና ያሉት ልጆች፣ ሁሉንም ያውቃሉ፣ ሳልፍ ሆን ብለው ቧንቧ ይከፍቱብኛል።

ሁለት ሳምንቱ ሁለት ወር ሆነ። የሚመጣ ጊታረኛ ሁሉ ወይ ሌላ ባንድ አለው ወይ መኪና የለውም። እኔም ሥራውን ለመድኩት፣ ሥራ ከተባለ። ፈገግ፣ ማወዛወዝ። ከምሳ ሰዓት በኋላ የቢሮ ሰዎች ይመጣሉ፣ የወረቀት ጢም ለጥፈው፣ ከኔ ራስ ላይ ባርኔጣውን አንስተው ፎቶ ይነሳሉ። የሚያዙት ሁሌም ያቺኑ ሦስት ዘፈን ነው፣ ከካርቱንና ከቺፕስ ማስታወቂያ የሚያውቋትን። ሽማግሌው ሌላ ሁለት መቶ ዘፈን ያውቃል፣ ማንም አይጠይቀውም። አንዳንዴ ጠረጴዛ ሳይኖር ዕቃ ክፍል ውስጥ ለራሱ ይዘፍናል፣ ቀስ ብሎ፣ ባቄላው እየሰማ።

አንድ ቀን እዚያው ክፍል ይሄ ልብስ ያባቶቻችሁ ነው አይደል ብዬ ጠየቅኩት፣ በልጁ በኩል። ሳቀ። "አያቴ ሲጫወት ነጭ የጥጥ ልብስና ነጠላ ጫማ ነበረው። ይሄ የባለርስቶቹ ነው፣ ፈረስ የሚጋልቡት የሚለብሱት። እኛን ያለበሰን ሲኒማው ነው። ሰው ሲኒማ ላይ አየና፣ ይሄን ካልለበስክ ማሪያቺ አይደለህም አለን።" ይሄን ብሎ የጃኬቱን አቧራ አራገፈ።

ይሄ ነገር አእምሮዬ ላይ ቀረ። እኛስ ብትሉ ያው ነን። ብራያርክሊፍ መንገድ ላይ ያሉ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ቅዳሜ ቅዳሜ ጭፈራ ያመጣሉ፣ አንዱ ልጅ በአንድ ምሽት ጎጃሜ ይሆናል፣ መጋረጃ ጀርባ ገብቶ በአራት ደቂቃ ጉራጌ፣ ከዚያ ወላይታ። የሱ እናት ደብረ ዘይት ናት። እናጨበጭባለን። ቁምጣው ሲጠብበት አይቼ ስስቅበት ነበር። አሁን ሳየው ወገቡን ነው የማየው።

በሦስተኛው ወር ማኔጀሯ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ፎቶዬን አንስታ ባነር አሠራች። ሽማግሌው አይደለም፣ ልጅቷ አይደለችም፣ እኔ። ባርኔጣውን ደፍቼ፣ ስፖንጅ የጎረሰ ጊታር ታቅፌ፣ የአውቶብስ ማቆሚያ የሚያክል። የሰቀሉት ደግሞ ትልቁ መንገድ ላይ፣ ቤተክርስቲያናችን የሚሄድ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት።

ቤት ስገባ እናቴ ሶፋው ላይ ቁጭ ብላለች፣ ቲቪው ጠፍቷል።

"ጌታው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና" አለችኝ፣ "ራስዎ ላይ የደፉት ሰፌድ ነው?"

እናቴ አንቱ ስትለኝ ነገር አለ ማለት ነው።

"እማ፣ ሥራ ነው።"

"የማኔጀር ረዳት ነኝ ያልከኝስ?"

"ነኝ እኮ። ሙዚቃውን ነው የምረዳው።"

"ጊታር መቼ ተማርክ?"

"አልተማርኩም።"

"እና ምን ታደርገዋለህ?"

"እይዘዋለሁ።"

 ከዚያ "ሁለት ሴቶች ናቸው የነገሩኝ" አለች። "አንደኛዋ ልጅሽ ሜክሲካን ሆነ አለችኝ። ሁለተኛዋ ደግሞ፣ ስንት ሰው ለወረቀት ስንቱን ሲሆን አይቻለሁ፣ ሜክሲካን የሆነ ሰው ግን አላየሁም አለች። ምን ልመልስላት?"

እሷን ሳያስቅ የሚያልፍ ቀልድ የለኝም ብዬ እፎክር ነበር። ያን ቀን አልሳቀችም። አሥር ቀን ሳይሞላ ከቤተክርስቲያን አንድ ሰው ጠይቃ ሥራ አገኘችልኝ፣ ሆቴል ሰው የሚያመላልስ ቫን መንዳት። ሰኞ ትጀምራለህ አለችኝ። ታክሲ ነው በሉት፣ ግን ከበሩ ወደ መሪው ተሻሽዬ። ሞቼ ነበር በደስታ። ለሽማግሌው እሁድ እነግረዋለሁ አልኩ። ልክ ያን ሰሞን ልጅቷ አንድ ተማሪ አግኝታ ነበር፣ ጊታር በእውነት የሚችል፣ ሁለት ሳምንት ቢታገሡኝ እመጣለሁ ያለ። እስከዚያ በኔ ሕመም አሳብበው ያልፉታል፣ እኔም እሁድን ሳይነቃብኝ ካለፍኩ ነፃ ነኝ፣ እነሱም ነፃ ናቸው። አንድ እሁድ ብቻ።

እሁድ እኩለ ቀን ላይ ብሩክሄቨን ከሚባል ሰፈር አንድ ቤተሰብ መጣ፣ ሃያ ሰው ይሆናሉ፣ የእውነት ሜክሲኮዎች። በዚያ ቤት የእውነት ሜክሲኮ ሊበላ ሲገባ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። አያታቸው ሰማንያ ሞልቷት ነው፣ የልጅ ልጇ ባነሩን አይቶ አመጣት። ትንሽ ሴት ናት፣ ጥቁር የአንገት ልብስ፣ ምርኩዝ። ምግቡን በሹካ ገልበጥ አድርጋ አየችውና ተወችው። ከዚያ እኛን ማየት ጀመረች።

ሽማግሌው ያን ቀን ከሁለት መቶዎቹ አንዱን ዘፈነ። የጠየቀችው እሷ ናት። እጁ ራሱ አልተንቀጠቀጠም። ቤተሰቡ ሹካውን አስቀመጠ፣ እኔም ማወዛወዙን ረሳሁት፣ እያዳመጥኩ ነበር። ቀና ስል አሮጊቷ ሽማግሌውን አይደለም የምታየው። ግራ እጄን ነው። ግራ እጄ ደግሞ ሦስት ወር ሙሉ አንድ ቦታ ላይ ነው፣ እንደ ታክሲ በር እጀታ ጨብጬው።

ዘፈኑ ሲያልቅ በጣቷ ጠራችኝ። ሄድኩ። ማኔጀሯ ስልኳን ይዛ ከኋላዬ መጣች፣ ለፔጃቸው ቪዲዮ ልታነሳ። ኩሽና ያሉት በመስኮቷ አንገታቸውን አወጡ። አሮጊቷ ግራ እጄን ያዘችው፣ ገለበጠችው፣ የጣቶቼን ጫፍ ዳሰሰች። ጊታር የሚመታ ሰው ጣቱ ጫፍ ላይ ይደድራል። የኔ የትሪ እጅ ነው። ከዚያ ጣቷን ከገመዶቹ ስር ሰደደች። የስፖንጁ ጫፍ ወጣ፣ ቢጫው።

ሽማግሌውን አየሁት። መሬት እያየ ነው። ልጅቷ ቫዮሊኗን ደረቷ ላይ ይዛለች። ሱሪው ውስጥ ተሰፍቼ ነው የቆምኩት፣ ልሩጥ ብል የት ነው የምሮጠው፣ እየተንሿሿሁ።

"ዴ ዶንዴ ኤሬስ?" አለችኝ። ከየት ነህ ማለት ነው፣ እሷን ቃል እንኳ አውቃታለሁ፣ በቀን አሥር ጊዜ ነው የምጠየቃት።

"ሜክሲኮ" አልኩ።

ጠረጴዛው ሳቀ። የልጅ ልጇ በእንግሊዝኛ "ሜክሲኮ ትልቅ ነው፣ የት ጋ ነው የምትለው" አለኝ። ማኔጀሯ ቪዲዮውን እያነሳች "ስዊቲ፣ ንገራቸው እንጂ" አለች።

ጭንቅላቴ ውስጥ ካለው ሜክሲኮ ጋ የሚቀርበው ምን አለ። ልደታ አለ፣ ሳር ቤት አለ። አፌ ላይ የመጣው ግን ሌላ ነው። "ለገሃር" አልኩ።

"ላጋር" አለች አሮጊቷ። አንዴ ሽማግሌውን አየች፣ አንዴ ማኔጀሯን አየች፣ ስልኩን አየች። ከዚያ በዚያች ጣቷ ስፖንጁን ቀስ አድርጋ ወደ ውስጥ መለሰችው። ለልጅ ልጇ አንድ ረጅም ነገር ነገረችው። እሱ ለማኔጀሯ ተረጎመ፣ ሳቁን እንደምንም እየዋጠ።

"ላጋር የእናቴ አገር ነው ትላለች። ተራራ ላይ ያለች መንደር ናት። ሰዎቹ ጠቆር ይላሉ፣ ስፓኒሽ ብዙ አይናገሩም፣ ጊታር ሲመቱም ዝግ አድርገው ነው ትላለች። ካየኋቸው አርባ ዓመት ሆነኝ ትላለች።"

ማኔጀሯ ዓይኗ እንባ አቀረረ። "ኦ ማይ ጋድ" አለች።

አሮጊቷ ግን አልጨረሰችም። በምርኩዟ ወለሉን መታች። "እንግዲህ እንደ አገርህ ጩህ" አለችኝ፣ በልጅ ልጇ በኩል። ማሪያቺ ዘፈኑ መሃል ጩኸት አለው፣ ልክ እንደኛ ፉከራ፣ አንጀት ውስጥ ያለው የሚወጣበት። የሽማግሌው ነው፣ ለኔ የተከለከለ ነው። ሽማግሌው ቀና አለ። ራሱን በቀስታ ነቀነቀና ጀመረ፣ ልጅቷ ተቀበለችው። የጩኸቷ ቦታ ስትደርስ ሁለቱም ጠበቁኝ።

አንድ ጩኸት ብቻ ነው የማውቀው። አፌን ከፈትኩ።

"ሜክሲኮ ሜክሲኮ ሜክሲኮ ሜክሲኮኦኦ፣ የሞላ ሜክሲኮ፣ አንድ ሰው የቀረው፣ አንድ ሰው፣ ግቡ ግቡ ግቡ።"

ስጮህ እንዴት እንደሆንኩ አላውቅም። ጀሞ መውረጃው ላይ፣ በሩን በአንድ እጄ ይዤ ነበርኩ። ጨረስኩ። ከዚያ አሮጊቷ ሳቀች፣ አልቅሳ ሳቀች፣ መሐረቧን አውጥታ። ሃያው ሰው ተነስቶ አጨበጨበ። የኩሽናው ሆንዱራሳዊ "ሜክሲኮኦኦ" ብሎ መለሰልኝ በመስኮቱ። ሽማግሌው የአሮጊቷን እጅ ሳመ።

ተረፍን። እኔ ያልኩት ይሄን ነው፣ ዕቃ ክፍል ገብቼ ጀርባዬን ለልጅቷ ሰጥቼ ክሩን እስክትቆርጥ። ተረፍን፣ አሁን ነግሬያት እወጣለሁ። "ነገ..." ስል ማኔጀሯ በሩን ከፈተች። ቪዲዮው አሁኑኑ ተለቆ ሰው እየተቀባበለው ነው። ከዛሬ ጀምሮ አርብ፣ ቅዳሜ፣ እሁድ ትጮሃለህ አለችኝ። ጩኸቷ ከሌለች ባንዱ የለም። ይሄን ብላ ሄደች፣ እየሳቀች።

ልጅቷ መቀሱን እንደያዘች ቆመች።

"ያ ተማሪስ?" አልኳት።

"እሱ ጊታር ነው የሚችለው" አለች። "ላጋርን አይችልም።"

ሽማግሌው ቆርቆሮ ላይ ተቀምጦ ነበር። ምን እንደምናወራ አልጠየቀም። "ሚሆ" ነው ያለኝ፣ ልጄ ማለት ነው፣ ከዚያ በፊት ብሎኝ አያውቅም። የሚንቀጠቀጠውን እጁን ጉልበቴ ላይ አደረገ። እዚያ ላይ ምን ትላለህ። ለማንም "አልችልም" ብዬ የማላውቅ ሰው ነኝ። ሰኞ ቫኑን ሌላ ሰው ነዳው። እናቴ አንድ ሳምንት አንቱ አለችኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሱሪውን ሳላስተውል አጥልቄ እንደ ልማዴ ዞሬ ወገቤን ለልጅቷ ሰጠኋት። ምንም አልነካኝም። ዞር ስል እጇ ላይ መርፌ የለም። ሱሪውን ወስዳ አሰፍታዋለች፣ በኔ ልክ፣ አዲስ ዚፕ። "ከእንግዲህ መስፋት አያስፈልግም፣ ስትፈልግ ታወልቀዋለህ" አለችኝ። ሽማግሌው ጊታሩን አቀበለኝ። ስፖንጁን አውጥቶታል፣ ዛሬ አንድ ድምፅ ብቻ፣ እዚች ጋ ጣትህን ጫን አለኝ፣ በምልክት።

ወጣን። ቤቱ ሙሉ ነው፣ ሁሉም ስልኩን ቀስሯል። በሩ አጠገብ አራት ሐበሾች ተቀምጠዋል፣ ቪዲዮው እነሱም ጋ ደርሷል፤ ሳያቸው አፋቸውን በናፕኪን ሸፍነው ይንቀጠቀጣሉ። ሽማግሌው ጀመረ። ቦታዋ ደረሰች። ጮህኩ፣ ከአንጀቴ፣ "የሞላ ሜክሲኮ፣ አንድ ሰው የቀረው።"

ከበሩ በኩል አንዱ፣ ረጋ ባለ የተሳፋሪ ድምፅ፣ "ወራጅ አለ" አለ።

እጄ በራሱ ተነሳ። የታክሲውን ጣራ ሊመታ። ወደ ሽማግሌው ዞርኩ፣ እንደ ድሮ ሹፌሬ፣ ወራጅ አለ ልለው። እሱ አማርኛ አይሰማም። መንዳቱን ቀጠለ።